የወርቅ ካርዱ እንግዳ

ስምረት ከአየር ማረፊያ የገባችው ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው። ድሬ በሚያዝያ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁ አትምጡ፣ ትቀልጣላችሁ። ልጅቱ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ አንገቷ ላይ የሚያስሯትን ያንን ሻርፕ እንኳ ሳትፈታ፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ግቢ ትመላለስ ጀመር። እኔ የኒም ዛፋችን ጥላ ሥር ተቀምጬ ዓይኔን አብሬያት ሳመላልስ አንገቴ ዛለ።

«አንቺ፣ ቁጭ በይ! እንደ ታሰረ ፍየል ምን ያዞርሻል?»

«ይሳቅ ሄደ፣ እማማ።»

«ይሄዳል እንጂ። ዓርብ ዓርብ አይደል የሚሄደው? ሰኞ ይመጣል።»

«አይመጣም» አለች። «ዓይኑን አላየሽውም። አይመጣም።»

ነገሩን ለማታውቁት ከሥሩ ልንገራችሁ። ስምረት የልጄ የሰይፈ ሚካኤል ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና መራመድ መጀመሯ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ከግል አየር መንገዶች በአንዱ ትሠራለች። አየር ማረፊያው ውስጥ ካርድ ያላቸው መንገደኞች የሚያርፉባት አንዲት ቀዝቃዛ ክፍል አለች፤ ሶፋዋ ለስላሳ፣ ሻይዋ በነጻ። ስምረት በሯ ላይ ቆማ ካርድ እያየች ታስገባለች።

ይሳቅ ደግሞ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ቤቱ አዲስ አበባ፣ ሥራው እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ። ሰኞ ይመጣል፣ ዓርብ ይመለሳል። አሠሪዎቹ ከሁሉ የረከሰውን ቲኬት ነው የሚቆርጡለት፤ ጭራው ላይ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያስቀምጡታል። ቢሆንም ስለተመላለሰ ብቻ አየር መንገዱ ብርማ ካርድ ሰጠው። ካርዱ ያቺን በር ከፈተለት፣ በሩ ላይ ስምረት ቆማ ነበር፣ ሌላው የእግዜር ሥራ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ለሚነሳ አውሮፕላን እሱ በጠዋት ሄዶ ይቀመጣል። እንደዚያ ቀድሞ አየር ማረፊያ የሚደርስ ሰው ወይ ፈሪ ነው ወይ ፍቅር ይዞታል። ካርድ አገናኛቸው ብዬ አላፍርም፤ እኔንና ባሌን ያገናኘን የሽንኩርት ጆንያ ነው።

ልጄ ሰይፈ ሚካኤል ግን ይሳቅን አልወደደውም። እሱ ጉምሩክ ላይ የነጋዴ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው። ከሁሉ ትልቁ ደንበኛው ዳጊ የሚባል ጎረምሳ አባት ነው፤ ዳጊ ደግሞ ስምረትን ይፈልጋታል። ስለዚህ ልጄ በይሳቅ ላይ በሩን ሳይዘጋ ዘጋበት። «ወላጅ አባቱ ከሽማግሌዎች ጋር ይምጣና ይለምነኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ እሰማቸዋለሁ። አባቱ የሌለበትን ሽማግሌ ግን አላስገባም» አለ። የይሳቅ አባት አቶ ገብረ መድኅን ጎንደር ናቸው፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ የመኪናውን መንገድ አይችሉትም። ልጄ ይህን ያውቃል። አውቆ ነው።

ያላወቀው ነገር፣ ይሳቅ የተመላለሰበት ሁሉ ነጥብ ሆኖ ይጠራቀምለት እንደነበር ነው። ነጥቡ ሲበዛ በነጻ ቲኬት ይለወጣል። ልጁ ያንን ሁሉ ሰኞና ያንን ሁሉ ዓርብ አጠራቅሞ አባቱንና ሁለት ሽማግሌዎችን በአውሮፕላን ሊያመጣልን ነበር። ስምረት ይህን ስትነግረኝ «እማማ፣ ወደ እኔ የተመላለሰበት ሁሉ ተመልሶ እኔኑ ሊለምንለት ነው» ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ እናቷን ትመስላለች።

አሁን ግን አትስቅም። ኒሙ ሥር አስቀመጥኳትና «ተናገሪ» አልኳት።

አየር መንገዱ ሕጉን ለውጦ ኖሯል። ከእንግዲህ ስንት ጊዜ ተሳፈርክ አይባልም፣ ስንት ከፈልክ ነው የሚባለው። በየሳምንቱ በርካሹ የሚመላለሰው ይወርዳል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ከፊት፣ ሰፊው ወንበር ላይ ተጋድሞ የሚሄደው ይወጣል። ስምረት ወሬውን ሰምታ ሳምንቱን ሙሉ አለቃዋን ስትለምን ሰነበተች። ለይሳቅ አልነገረችውም። በስልክ የሚነገር አልመስላት አለ፤ ዓርብ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ አለች። ዓርብ ግን ከአፏ በፊት በሩ ላይ ያለው ካርድ አንባቢ ማሽን ነገረው። ካርዱን ሲያስነካው ቀይ አበራ።

«ምን ሆነ?» አላት።

«ካርድህ ወርዷል፣ ይሳቅ።»

«ነጥቡስ?»

«እሱም ዋጋው ወደቀ። ሦስት ሰው አያመጣም። አንድም ሰው አያመጣም።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ከኋላው ዳጊ ቆሟል፤ አዲስ የወርቅ ካርድ ይዞ፣ ሽቶው ቀድሞት። እሱን ያስገባው ማሽን አረንጓዴ ሲያበራ እንኳ ያፏጨ ይመስላል፣ አለችኝ። የወርቅ ካርድ ያለው አንድ እንግዳ ይዞ መግባት ይችላል። ዳጊ የይሳቅን ትከሻ መታ አደረገና «ችግር የለም ወንድሜ፣ በእኔ እንግድነት ግባ» አለው። ስምረት ምላ ትናገራለች፣ ክፋት አልነበረበትም። የባሰውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ይሰደባል፤ ደግ የሆነብህን ምን ታደርገዋለህ?

ያኔ ነው ይቺ የእኔ ጅል አፏን የከፈተችው። «እሺ በለው፣ ይሳቅ። ግባ» አለችው።

ይሳቅ አያት። «አንቺም?» አለ። ቦርሳውን አንስቶ ከውጭ፣ ብረቱ ወንበር ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። እሷ ከበሩ ንቅንቅ ማለት አትችልም፤ ሥራ ነው። አውሮፕላኑ እስኪጠራ ድረስ ያንን ጀርባ ስታይ ዋለች።

«ጀርባ እንደዚያ እንደሚናገር አላውቅም ነበር፣ እማማ» አለችኝ። እኔም ሻርፗን ከአንገቷ ፈታሁላት።

* * *

ሰኞ አልመጣም። በምትኩ ሌላ ጠጋኝ ላኩ አሉ።

ስምረት ስልኳን እንደ ሕፃን ይዛ ትዞራለች። እኔ ጽሑፍ አላነብም፤ የድምፅ መልእክት ግን ማንም ይሰማል። ጓዳ ገብታ ስትቀዳ፣ ስታጠፋ፣ እንደገና ስትቀዳ እሰማታለሁ። በመጨረሻ የላከችውን አስደመጠችኝ። እንዲህ ይላል፦ «ይሳቅ፣ ግባ ያልኩህ ከዓይኔ እንዳትርቅ ብዬ ነው። ሌላ ነገር የተናገርኩ ከመሰለህ፣ አንተ እኔን አንድ ቀን አላወቅከኝም። ተቆጣኝ፤ ግን ድምፅህን አሰማኝ።» ከዚያ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያልቃል።

«ሰምቶታል?»

«ሰምቶታል። ሁለቱ ሰማያዊ ጭረት ወጥቷል።»

«ታዲያ?»

«ዝም።»

ጎረቤቴ ፈርዶውሳ ከመጋላ ገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንደያዘች ጎራ አለች። እሷና እኔ በልጅነታችን ጅቡቲ ድረስ በባቡር አብረን የነገድን ነን። ለሰላምታ እንኳ አትጠብቅም።

«አንቺ የኔነሽ፣ ይህች ልጅ ስልኩን ልትውጠው ነው እንዴ?»

ነገርኳት። ዘንቢሏን ቁጭ አደረገችው።

«ወላሂ እብድ ናቸው! የሚመላለሰውን አውርደው የሚከፍለውን? እኛ ሦስተኛ ማዕረግ ጆንያ ላይ ተቆልለን አልነበረም የምንሄደው? አንደኛ ማዕረግ የሚሳፈረው ፈረንጅ በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ስሙን የሚያውቀው የለም። እኔን ግን ባቡሩ ራሱ ያውቀኝ ነበር።»

«አንቺን ያወቀሽ በጩኸትሽ ነው።»

«አንቺንስ? ባልሽ ተቆጣጣሪው ቲኬት ሊያይ መጥቶ ፊትሽን እያየ ቀረ እንጂ!»

ሳቅን። ስምረት ግን አልሳቀችም፤ ሁለት አሮጊቶች ሲስቁባት ተነስታ ወጣች። ፈርዶውሳ አፏን በሻሿ ሸፈነች።

«አቦ፣ ልቧ ላይ ነው የሳቅነው» አለች ቀስ ብላ።

ሐሙስ ልጄ ከሥራ ገባ። ጫማውን ሲያወልቅ ፊቱን አዙሮ ነው፤ ጥፋት ሲኖርበት ከልጅነቱም እንዲሁ ነው።

«እማዬ፣ እሑድ የዳጊ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

«እሑድ የይሳቅ ቀጠሮ ነው።»

«የይሳቅ አባት አይመጡም። ዳጊ ሁሉንም ነግሮኛል። ወንበር ባዶ ከሚቀር የሚቀመጥበት ይቀመጥ።»

«አንተም እንደነሱ ሆንክ በለኛ! የተመላለሰው ደጅ ይቅር፣ ከፋዩ ይግባ!»

«እኔ ልጄን እየሸጥኩ አይደለም!»

«አልሸጥክም፤ ቦታ ቀየርክባት። አጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ እሷን ጠይቀሃል?»

ከመጋረጃው ወዲያ ስምረት ቆማ እንደነበር ያወቅኩት እግሯን አይቼ ነው፤ ባዶ እግሯ፣ ጣቶቿ ወደ ውስጥ የታጠፉ። አልቅሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዝም ያለች ሴት ታስፈራኛለች፤ ራሴም ዝም ያልኩ ቀን ነው ብዙ ነገር ያደረግኩት።

* * *

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የዳጊ ሽማግሌዎች መጡ። ግቢው ውስጥ፣ ጥላው ሥር ወንበር ደረደርን። እንደ ወጉ አልተቀመጡም፤ ጉዳይ ሳይፈጸም ሽማግሌ አይቀመጥም። መሪያቸው ጋሽ ነጋ ናቸው፤ የተከበሩ ሰው፣ ሐቀኛ። ዳጊ እንደ ወጉ አልመጣም። ስምረትም እንደ ወጉ ከጓዳ አትወጣም። እኔ ከልጄ አጠገብ፣ የሴት ወገን ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ ቂጤን ግን ወንበሩ እሾህ ሆኖበታል።

ጋሽ ነጋ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጃችን…» ሲሉ የውጭው በር ተንኳኳ። ያንኳኳው ሰው አልጠበቀም፣ በሩ ገርበብ ያለ ነበርና ተከፈተ።

ይሳቅ ነው። ፀጉሩ አቧራ፣ ሸሚዙ የአውቶቡስ መቀመጫ ያጨማደደው፣ ዓይኑ የደፈረሰ። ከደፉ ወዲያ ቆመ እንጂ አልገባም።

ልጄ ተነሳ። «ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ። አባቴን በመኪና ላመጣ ሞከርኩ፤ ከቤት ሳንርቅ ጉልበታቸው እምቢ አለ። መንገድ ዳር ተቀምጠው መርቀው ሸኙኝ። እርስዎ እሑድ ብለውኝ ነበር። ቀጠሮ አላፈርስም ብዬ መጣሁ።»

«ለራሱ ሚስት የሚለምን ሰው አይቼ አላውቅም። ሽማግሌ የሌለው ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ነጋ አዘኑ መሰለኝ። «ኧረ ልጁ በፀሐይ አይቁም። ና ልጄ፣ ግባ፣ ከእኛ ጋር ተጠለል» አሉ።

ይሳቅ ራሱን ዝቅ አደረገ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። የሰው እንግዳ ሆኜ ግን መግባት አልችልም።»

ያኔ መጋረጃው ተገለጠ። ስምረት ወጣች። በሽማግሌ ፊት፣ በባዶ እግሯ፣ ፀጉሯን እንኳ ሳትሸፍን። ልጄ «ግቢ!» አላት፤ አልሰማችውም። ማንንም አላየችም፤ በሩ ላይ ያለውን ብቻ።

«ለምን አልመለስክልኝም?»

«ምን ብዬ ልመልስ?»

«ስድብም ቢሆን! እኔ ድምፄን ለአየር ልኬ ስጠብቅ ሰነበትኩ።»

«እየደጋገምኩ ሰምቼዋለሁ» አለ። «ካርዱ አይደለም ያናደደኝ፣ ስምረት። ካርዱን ገደል ይክተተው። አባቴን አመጣለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼሽ ባዶ እጄን ስቀር፣ አንቺ ለሌላ ሰው ጥገኛ ሁን አልሽኝ።»

«ከደጅ ከምትቀር ብዬ ነው! በዚያ በር ባለጌ ሲገባ፣ ሰካራም ሲገባ፣ እኔን ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሲገባ እያየሁ፣ አንተ ውጭ ስትቀር አልቻልኩም። የማን እንግዳ እንደሆንክ አላሰብኩም። ወንበሩ ላይ እንድትቀመጥ ብቻ ነው ያሰብኩት፣ እንዳይህ።»

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ።»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«አባትህ ካልመጡ ትተወኛለህ ብዬ። የምትቀር መሰለኝ።»

ይሳቅ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፤ ላብ ይሁን እንባ እሱ ያውቃል። «እኔ?» አለ። «እኔ ልቀር?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሬት መሬት ያያል። ልጄ ቆሟል። እኔም ያን ጊዜ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሳሁ። ነጠላዬን መስቀለኛ ለበስኩና በሽማግሌዎቹ መሀል አልፌ ወደ ውጭ ወጣሁ።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አለ ልጄ።

ይሳቅን ክንዱን ይዤ ከደፉ አራቅሁት፤ የራሴን በር ጎትቼ ዘጋሁት። ከዚያ አንኳኳሁ።

«ቤቶች!»

እንደገና አንኳኳሁ።

«ቤቶች! ደጅ ላይ ነን!»

የከፈተችው ስምረት ናት። ክንዱን እንደያዝኩ ገባሁና ከጋሽ ነጋ ጎን ቆምኩ። አልተቀመጥኩም። ፊቴን ወደ ልጄ አዞርኩ።

«እግዜር ቤታችሁን ይባርክ። ልጃችሁን ስምረትን ለልጃችን ለይሳቅ ብለን መጥተናል።»

«እማዬ፣ ምን መሆንሽ ነው?»

«እማዬ አትበለኝ። እናትህ እዚያ ወንበር ላይ ነበረች፣ ተነስታ ሄዳለች። እኔ የወንድ ወገን ነኝ።»

ጋሽ ነጋን ሳል መሰል ሳቅ አፈናቸው። ልጄ ቀላ።

«ሴት ሽማግሌ ሆና አታውቅም!»

«ዛሬ ሆነች። ልጁ ምን አለው በለኝና ልመልስልህ፤ ወጉ እንደዚያ ነው።»

«ምን አለው?» አለ፤ ለመሳለቅ ነበር፤ ጠየቀ ግን።

«ብዙ የለውም። ከፊት ወንበር አይቀመጥም። ግን ይመጣል። ሐሩር ይሁን፣ የደቻቱ ወንዝ ይሙላ፣ ይመጣል። ሕጉ ተለወጠ፣ ክብሩ ወረደ፣ በር ተዘጋበት፤ ይኸው መጣ። አባትህ እኔን ያገባኝ ምን ከፍዬ ይመስልሃል? ስለምመጣ ነው። አንድ ሳምንት ታምሜ ስቀር፣ ባቡሩ ላይ ጆንያዬን የማስቀምጥበትን ቦታ ለማንም ሳይሰጥ ባዶውን ይዞት ድሬ ገባ፤ ከጣቢያው በቀጥታ እናቴ ቤት መጣ። የአንተ መወለድ ከዚያ ባዶ ቦታ ነው፣ ሰይፈ ሚካኤል። ይህችን ልጅ ለማን እንደምትሰጥ አንተ ታውቃለህ። የሚመጣላትን ግን ከበር አትመልስባት።»

እኔ ለምኜ አላውቅም።

ልጄ ወደ ስምረት ዞረ። እሷ አልለመነችውም፤ እጇን አጣምራ ቆማ አየችው። ትከሻው ሲወርድ አየሁ፤ ያ ሁሉ የጉምሩክ ዕቃ አንድ ላይ የወረደለት መሰለ፤ ወይም የተጫነበት። ከነገ ጀምሮ የዳጊ አባት ፊት ምን እንደሚመስል እሱ ያውቀዋል።

«ጋሽ ነጋ» አለ በቀስታ። «አክብራችሁኝ መጥታችኋል፤ እግዜር ያክብርልኝ። ልጄ ግን አፏን ከፍታ ተናግራለች። ሌላ ቀጠሮ ሰጥቼ እናንተን አላመላልስም።»

«እኛም ጆሮ አለን፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ነጋ። በዱላቸው መሬቱን ነካ አድርገው ሌሎቹን አስከትለው ወጡ፤ ሲያልፉ የይሳቅን ትከሻ ነኩት።

አሁን ሰይፈ ሚካኤል ወደ እኔ ዞረ። ሮጦ ያቅፈኛል ብዬ ነበር። ልጄ ግን የእኔ ልጅ ነው፤ አከርካሪው የእኔ ነው። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እናንተም ሰምተናችኋል» አለን። «ከዘመድ እንመካከራለን። ሐሙስ ተመለሱ።»

ቀጠሮ ሰጠን! ተስፋ ለሌለው ቀጠሮ አይሰጥም፣ ይህን የማያውቅ የለም። ግን እሺም አላለም። በሩን ከፈተልን፣ እንደ ባዕድ ሸኘን፣ ከኋላችን ዘጋው።

ይኸው፣ ከገዛ ቤቴ ደጅ ቆሜያለሁ። ፈርዶውሳ ከማዶ በሯ ላይ ሁሉንም ስትሰማ ኖሮ «ነይ እኔ ጋ እደሪ፣ አንቺ የወንድ ወገን!» ብላ ትስቅብኛለች። አልሳቅኩላትም። ይሳቅ ክንዴን አልለቀቀም።

«እማማ፣ እሺ ይሉን ይሆን?»

በአገጬ ወደ በሩ ጠቆምኩት። ከብረቱ በር ወዲያ፣ ልክ እኛ በቆምንበት ትይዩ፣ ስምረት ተደግፋ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። እሱም ሰምቶታል፤ መዳፉን በጋለው ብረት ላይ አድርጎ አላነሳውም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ይህን ሁሉ አግብቼ ወልጄ ቀብሬ፣ እንደ ልጃገረድ እስከ ሐሙስ ያለውን ቀን በጣቴ ቆጠርኩ።